ቴሌግራም ላይ ካለ የመጽሐፍ ሱቅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አዝዤ

ሰርቪሳቸው አሪፍ ነው፣ ማታ ሜሴጅ አድርጌ በማግስቱ ሞተረኛው ቢሮዬ በር ላይ ደረሰ፣ ክፍያው በቴሌብር፣ ህትመቱም ጥርት ያለ እንጂ ያ ፊደሉ የደበዘዘ ኮፒ አይደለም። ቅር ያለኝ ቻናላቸው ላይ የሚለጥፉት ፖስት ነው። የበዛብህና የሰብለወንጌልን ነገር ብቻ ሮዝ ባክግራውንድ ላይ አርገው «የሚያስለቅስ የፍቅር ታሪክ» ይላሉ፣ ቲክቶክም ያው ነው፣ ኮመንቱን ብታዩት ሁሉም ስለ ሰብለ ነው። ኧረ ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሳስ? ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያመጹት ገበሬዎችስ፣ መሪያቸው አበጀ በለውስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት እኮ የባላባቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚሞግት መጽሐፍ ነው! በርግጥ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ድሮ በሬዲዮ የተረከው አሁን ዩቲዩብ ላይ ስላለ ስንቱ ወጣት በሱ ድምፅ ተስቦ ነው መጽሐፉን የሚገዛው፣ እሱ በጣም ደስ ይለኛል፣ ሶሻል ሚዲያ ባይኖር ይሄ ሁሉ ልጅ ከየት ይሰማው ነበር። ለማንኛውም ከነሱ ግዙ፣ ዋጋቸውም አይጎዳም፣ አድሚኖች ግን እባካችሁ ከጉዱ ካሳ ንግግር አንዱን ሳትቆርጡ ለጥፉልን፣ ሰው ያነባል።