ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ፣ አራት ጎማ፣ አንድ ጎሚስታ

ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከሜሪላንድ ገብቼ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ሲም ካርዱ ቶሎ ወጣልኝ፤ ራይድም በሌሊት እንኳ አላስቸገረኝም። የምጽፈው ስለ ጎማ ነው።

ወንድሜ ኮሮላውን «እስክትሄጂ ያንቺው ናት» ብሎ ሰጠኝ። ጎማዎቹ ልጠው አልቀው ነበርና ውለታውን ልመልስ ብዬ አራቱንም ለመቀየር ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ሄድን። መኪናዋ የምትለብሰው 185/70 ባለ 14 ነው፤ 185 የጎማው ስፋት በሚሊ፣ 14 የቸርኬው ኢንች። ሻጩ «እሱ አልቋል» ብሎ 205/70 አወጣ። «እህቴ፣ ቸርኬው ያው 14 ነው። ወፈር ሲል እንዲያውም ጉድጓዱ አይሰማሽም።» ከፈልኩ።

ማታ ከግቢ ስወጣ መሪውን እስከ ጥግ ብጠመዝዘው ክርርር አለ። ወንድሜ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። ጎማ ምን ይለምዳል! በማግስቱ እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ከኋላ ጭነን ቢሾፍቱ ስንወርድ በየፍጥነት መቀነሻው የኋላውም ይፋቅ ጀመር። አክስቶቼ በስመአብ እያሉ ደረስን።

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። አንዱ የፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ጠርዝ በመዶሻ ልጠፍጥፍልሽ አለ፤ ሌላው ሞላው መሀል ላስቲክ ላስገባልሽ። ሦስተኛው አላይመንት ነው፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል ብሎ አስከፈለኝ፤ መፋቁ ግን አልቆመም። ሁሉም እጃቸው ሥራ ያውቃል፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ለጎማው ሲሉ መኪናዋን ሊቆርጡ ተዘጋጁ እንጂ ጎማው የእሷ አይደለም ያለኝ የለም።

ያሉኝ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ያሉት ሸምገል ያሉ ጎሚስታ ናቸው። «ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ» ስላቸው ክሪክ አላነሱም። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን የጎማ ልክ የያዘች ጽሑፍ በጨርቅ ጠርገው አነበቡ። ቀጥለው እጃቸውን ፓራፋንጎው ውስጥ ሰደዱና ጥላሸት የመሰለ ብናኝ ይዘው ወጡ። «ይኸው ጎማሽ፣ ልጄ።»

ካርቶን ላይ አሰሉልኝ። 70 ሚሊ አይደለም፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። የ185 ጎኑ 129 ተኩል ሚሊ ይሆናል፣ የ205 ደግሞ 143 ተኩል። ስለዚህ 14 ሚሊ ወደ ላይ፣ በስፋት ደግሞ በግራና በቀኝ 10 10 ሚሊ ጨምሯል። ስፋቱ ሲጨምር መቶኛው መውረድ ነበረበት። ቆጣሪውም ሳይቀር ይዋሻል፤ 80 ሲል የምንሄደው 83 አልፎ ነው።

ጎማዎቹን ስመልስለት ሻጩ «ተነድቶበታል» ብሎ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ቀነሰብኝ። አለቀ የተባለው 185 ግን ከዚያው ሱቅ ጓሮ አራት ሆኖ ወጣ። በጋሼ ምክር ጎናቸው ላይ ያለውን አራት አሃዝ አየሁ፦ 1124፣ በፈረንጅ የ2024 11ኛ ሳምንት። እሳቸው ጋ አሰርኩና ባላንስ አሠራሁ። የጠየቁኝ የእጃቸውን ብቻ ነው።

ማታ ወንድሜ ግቢው ውስጥ መስኮቱን ከፍቶ መሪውን ወዲያና ወዲህ እስከ ጥግ ጠመዘዘ። ዝም። «ለመደ፣ አላልኩሽም?» አለኝ።