«የዕድሜ ልክ ኳስ» የሚሉትን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ባቲ ያላችሁ የኳስ ወዳጆች፣ «ሁሉም ጨዋታ፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ፣ የዕድሜ ልክ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሱቅ ካያችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ ዘው ብዬ ገብቼ 8,000 ብር ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህም በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ 600 ብር «ለሰርቨር» (ጨዋታውን ከሩቅ ለሚልከው ኮምፒውተር) «ማደሻ» ብለው ተቀብለውኛል።

የገዛኋት ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት የምታገናኝ፣ መዳፍ የማትሞላ የአንድሮይድ ሳጥን ናት። ሻጩ እዚያው ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ኮዲ የሚባለውን የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፈተልኝ፤ ፈቃዱ ከውጭ በውድ እንደሚመጣ ነገረኝ። ደረሰኙ ላይም 3,500 ለሳጥኗ፣ 4,500 «ለሶፍትዌር ፈቃድና ቅንብር» ብሎ ጻፈ። «አብሽር ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ወንበር ፍለጋ ኳስ ቤት ለኳስ ቤት መዞር ቀረ» ሲለኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

ያ 4,500 ብር የተከፈለው በከንቱ ነው። ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤክስቦክስ ለተባለው የጌም መጫወቻ ተብሎ የተጀመረ፣ በ2014 የዛሬ ስሙን የያዘ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ነው። ከራሱ ድረ ገጽ ማንም ሰው ያወርደዋል፤ የሚገዛ ፈቃድ የለውም። በውስጡም አንድም ጨዋታ የለም። ጀበና ነው በሉት፤ ቡናው ከሌላ ቦታ ይመጣል። ቡናውን የሚያመጡት አድኦን የሚባሉ ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ እኔ ሳጥን ላይ የተጫኑት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ጨዋታ የሚቀዱ ነበሩ። የኮዲ ሠሪዎች ራሳቸው በስማቸው እንዲህ ያለ ሳጥን የሚሸጡትን ነጋዴዎች በይፋ ሲቃወሙ ዓመታት አልፈዋል። የጨዋታ ባለመብቶች የሚያሳድዱት የሥርጭት መስመር ዛሬ ቢሠራ ነገ ይዘጋል። ታዲያ «የዕድሜ ልክ» ሲሉ የማንን ዕድሜ ነው? የመስመሩን ከሆነ አንዳንዱ እስከ ዕረፍት እንኳ አይቆይም።

የ600 ብሩን ነገር ደግሞ ስሙ። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሳጥኗ «ግንኙነት አልተሳካም» ትላለች። ተሸክሜ ወደ ሱቁ እሄዳለሁ። ሻጩ ይዟት ወደ ጓዳ ይገባል፤ አንድ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተስተካክላ ትመጣለች። «ሰርቨሩን አደስነው፣ 600 ብር።»

ለሦስተኛ ጊዜ በከፈልሁ በሁለተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ለበዓል መጣ። ኮምፒውተር ይጠግናል። ሳጥኗ እንደ ልማዷ እምቢ ስትል አድኦኑን አልነካም። የማያ ገጹን ጥግ አይቶ ሳቀና «አጎቴ፣ ይህች ሳጥን ያለችው 1970 ላይ ነው፤ እስኪ ቀኑን ይመልከቱ» አለኝ። እውነትም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንደነዚህ ያሉ ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቀጥል ባትሪ የለም፤ ስለዚህ ቀኑ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሳጥኗ ከአንድ ሰርቨር ጋር ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ስትጀምር የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ቀን ታያለች። 1970 ላይ ለቆመች ሳጥን ያ ወረቀት ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ በሩን ትዘጋለች። ልጁ ኮዲ ውሎውን የሚመዘግብበትን ፋይል ከፍቶ አሳየኝ፤ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና እንዳልደረሰ የሚናገር ያው አንድ መስመር ተደጋግሞ ወርዷል። መፍትሔው በሳጥኗ ቅንብር ውስጥ ቀንና ሰዓትን ከኢንተርኔት እንድትወስድ ማድረግ ብቻ ነው። ያ ቁልፍ ጠፍቶ ነበር። ሻጩ ሆን ብሎ አጠፋው ብዬ አልምልም፤ ጓዳ ገብቶ ያድስ የነበረው ግን ሰርቨር ሳይሆን ቀን ነው። የሰዓት ሰቁም የቻይና ሆኖ ተገኘ። የፕሮግራም ሰንጠረዡ አምስት ሰዓት ሲዛነፍብን የከረመው በዚህ ነው፤ እኛ ግን በአገራችን አቆጣጠርና በፈረንጅ አቆጣጠር ተምታቶብን መስሎን እርስ በርስ ስንከራከር ነበር።

ልጁ ሌላም አስተካከለ። ኳሷ ሜዳው ላይ እየተንጠባጠበች የምትሄደው ሥርጭቱ በሰከንድ 50 ምስል ሲሆን ሳጥኗ በ60 ስለምታወጣ ነበር፤ በኮዲ የማጫወቻ ቅንብር ውስጥ የማያ ገጹ ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር እንዲስማማ አደረገው። የሞቱትን መስመሮች ግን ማንም አያስነሳቸውም። የኢንተርኔት ጥቅሉንም አስቡት፤ በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚመጣ ጨዋታ በ90 ደቂቃ ወደ 2 ጊጋባይት ይበላል። ኤስ ስትሪም የተባለው ዓይነት ደግሞ ከተመልካች ወደ ተመልካች ስለሚያቀባብል እያያችሁ በእናንተው ጥቅል ለሌላው ትልካላችሁ።

ሻጩ የጉግል መለያዬን እንዳስገባ ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ። ያንን ወዲያው አስወጥቼ የይለፍ ቃሌን ቀይሬያለሁ፤ እናንተ ከነጭራሹ አትስጡ። አድኦን ኮዲ የሚችለውን ሁሉ የሚችል፣ ራሱን በራሱም የሚያድስ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በአድኦን በኩል በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ሰርጎ የገባ የዲጂታል ገንዘብ ቆፋሪ ፕሮግራም አጋልጧል።

ሳጥን መግዛት ካማራችሁ ባዶዋን በባዶዋ ዋጋ ግዙ። ኮዲን ራሳችሁ አውርዱ፤ የመብራት ገመዷን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩና ቀኑን እዩ። ሻጩ «የዕድሜ ልክ» ካለም ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት። እኔ ደረሰኜን ይዤ ስሄድ «ይህ የቅንብር ክፍያ ነው እንጂ የጨዋታ ዋስትና አይደለም» ብሎ መልሶኛል።

ሳጥኗን አልጣልኳትም። መንዙማ የሞላ ፍላሽ ሰክቼላት እናቴ ከዙሁር በኋላ ታዳምጥባታለች፤ ለዚህ ሥራ ኮዲ እንከን የለውም። ኳሱን እንደ ድሮው ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ፈልጌ አያለሁ። ትናንት በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ወረቀቱ አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ዋጋው ግን በእስክሪብቶ ተሰርዞ 9,500 ሆኗል።