ከኤልፒኤን ወደ አር ኤን ላሻገሩኝ ሲስተር የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ነርሲንግ ሆም ለስድስት ዓመታት በኤልፒኤንነት፣ ማለትም በአር ኤን (በተመዘገበ ነርስ) ሥር በሚሠራ ነርስነት ሠርቻለሁ። የሌሊት ሺፍቴን ሳልለቅ በትርፍ ጊዜዬ ተምሬ፣ ባለፈው ወር የአር ኤን የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደውን የኤንክሌክስ አር ኤን ፈተና አልፌያለሁ። ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ በሲልቨር ስፕሪንግ ያስጠኑኝን ሲስተር ለማመስገንና በዚሁ መንገድ ላይ ላሉ ወገኖቼ ለመጠቆም ነው።

ኤልፒኤንን ወደ አር ኤን የሚያሸጋግረውን የኮሌጁን የብሪጅ ትምህርት ስጨርስ መጀመሪያ የከፈልኩበት የኦንላይን ማስጠኛ ጥያቄ ከማብዛት በቀር ለምን እንደምሳሳት አላሳየኝም። ሲስተር ግን ችግሬን በመጀመሪያው ቀን ለዩት። እኛ ኤልፒኤኖች ያየነውን ለአር ኤን ማሳወቅ ስለለመድን፣ በፈተናውም ላይ «ለሐኪም አሳውቅ» የሚለው ምርጫ ይስበናል። የመጀመሪያ ምዘና፣ ሕመምተኛን ማስተማርና ውጤቱን መገምገም ግን አር ኤን ለሌላ አሳልፎ የማይሰጠው የራሱ ሥራ መሆኑን ደጋግመው አስረዱኝ።

አንድ ቀን ከአራት ሕመምተኞች ማንን በቅድሚያ እንደማይ የሚጠይቅ ጥያቄ ሰጡኝ። እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሕመም የሚጮኸውን መረጥኩ። ሲስተር ምርጫዎቹን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ከእነዚህ ውስጥ አሁን ሊሞት የሚችለው የትኛው ነው?» አሉኝ። የጭን አጥንቱ ከተሰበረ ሁለት ቀን የሆነው ወጣት ድንገት ግራ መጋባትና ትንፋሽ ማጠር ጀምሮት ነበር፤ ከአጥንቱ መቅኔ የወጣ ስብ በደም ተጉዞ ሳንባው ላይ ሊደርስ እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርጫዎቹን ሳላነብ አስቀድሜ ይህን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ።

ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄዎች ሲኖሩት የሚሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ በ85ኛው ጥያቄ ላይ ሲዘጋብኝ የወደቅሁ መስሎኝ ብደነግጥም፣ ማለፌን የሚያሳየው ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለእርሳቸው ነበር።

ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ስመጣ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ አቅርበው ዓይኔ እስኪገለጥ ይጠብቁኝ ነበር፤ ይህን ደግነታቸውን መቼም አልረሳውም። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም፤ አናቶሚው (የሰውነት አካላት ትምህርቱ) ያልጸናለትንም ሰው መጀመሪያ እርሱን አጥንቶ እንዲመለስ በግልጽ ይነግሩታል። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ፣ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።