ኢመር፦ ለጀልባ ትኬት ድረ ገጽ የሚበቃ ላይብረሪ

ባሕር ዳር ላይ ለዘጌ ወይም ለክብራን ገብርኤል የጀልባ ትኬት የሚቆርጥ ድረ ገጽ በሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ስትሠሩ ቶሎ የሚገጥማችሁ ችግር አለ። ደንበኛው መቀመጫ 12ን ይነካል፣ ዳታው ይቀየራል፣ ስክሪኑ ግን አሁንም «ክፍት» ይላል። ሪአክት የስቴቱን (ገጹ የሚያሳየውን ዳታ የያዘውን ኦብጀክት) ውስጥ አይፈትሽም፤ የሰጣችሁት ያው የድሮው ኦብጀክት ከሆነ ምንም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ አሮጌውን ሳይነኩ አዲስ መስጠት ግድ ነው። ይህን በስፕሬድ (ኦብጀክትን ወደ አዲስ በሚገለብጠው ባለ ሦስት ነጥብ ምልክት) ለመሥራት ለአንዲት መቀመጫ ሲባል መቀመጫዎቹን፣ ጀልባውን፣ የጀልባዎቹን ዝርዝርና ስቴቱን በየደረጃው ኮፒ ማድረግ ይጠይቃል። አንዱ ደረጃ ከተዘነጋ ባጉ እዚያው ነው።

ኢመር የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። ፕሮዲውስ ለሚባለው ፈንክሽኑ ስቴቱን ስትሰጡት ረቂቅ ያቀርብላችኋል፤ እሱን (እዚህ «ረ» ብለነዋል) እንደልብ መቀየር ነው፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር [11] መቀመጫ 12 ነው፦

ረ.ጀልባዎች[0].መቀመጫ[11] = "ተይዟል"

(ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደል ስም ይቀበላል፤ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ይቀበሉ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።) ረቂቁ ፕሮክሲ (በኦብጀክቱ ፋንታ ንባቡንና ለውጡን የሚቀበል ወኪል) ነው፤ ኮፒ የሚያደርገው የተነካውን መንገድ ብቻ ነው። የሌሎቹ ጀልባዎች ኦብጀክት ስለማይቀየር በሜሞ (ግብዓቱ ካልተለወጠ ዳግም መሳልን በሚያስቀረው የሪአክት ፈንክሽን) የታቀፉት ካርዶቻቸው እንደገና ረንደር አይሆኑም፣ ማለትም አይሳሉም። ሪደክስ ቱልኪት የተባለውን የስቴት ማስተዳደሪያ የሚጠቀም ሰው ኢመር አብሮት ስለሚመጣ ለብቻው አይጭነውም።

ጀማሪን በብዛት የሚጥለው አጭሩ አሮው ፈንክሽን (በ => የሚጻፈው) ነው። ከላይ ያለውን መስመር ያለ ጥምዝ ቅንፍ ከጻፋችሁት ረቂቁን ይቀይራል፣ የተመደበውንም ዋጋ ይመልሳል፤ ኢመር ሁለቱን ባንድ ላይ ስለማይቀበል ኤረር ይወረውራል። ቅንፉን ማስገባት ይበቃል። ረቂቁን ከፕሮዲውስ ውጭ ይዞ መውጣትም አይሆንም፦ ሴትታይምአውት (ኮድን አዘግይቶ የሚያስኬደው) ውስጥ ብትነኩት ፕሮክሲው ተሽሯል የሚል መልእክት ታገኛላችሁ። የሰርቨሩን መልስ መጀመሪያ ተቀበሉ፣ ከዚያ ፕሮዲውስን ጥሩ። ማፕና ሴት የተባሉት የጃቫስክሪፕት ስብስቦች ደግሞ ኢኔብል ማፕሴት የተባለው የኢመር ፈንክሽን ካልተጠራ አይሠሩም።

የፕሮዲውስ ውጤት ፍሪዝ ሆኖ (እንዳይቀየር ተቆልፎ) ስለሚወጣ በላዩ ላይ ሶርት የሚያደርግ (እዚያው የሚደረድር) አሮጌ ኮድ ወዲያው ይሰበራል። እኔ ይህን ከጥቅሙ እቆጥረዋለሁ፤ ተደብቆ የቆየ ባግ የሚያጋልጠው እሱ ነው። እውነተኛው ድክመቱ ፍጥነት ነው፦ በሺዎች የሚቆጠር ቦታ ማስያዣን ረቂቁ ውስጥ በሉፕ መፈለግ ለእያንዳንዱ ፕሮክሲ ያስፈጥራል። ፍለጋውን በዋናው ስቴት ላይ ጨርሱና ኢንዴክሱን (የቦታ ቁጥሩን) ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

ሌላው አማራጭ፣ ፌስቡክ በ2014 ያወጣው ኢሚውተብል ጄኤስ፣ የራሱን ሊስትና ማፕ ያመጣል። በጣም ትልቅ ስብስብ ደጋግሞ ለሚቀይር ይሆናል፤ ለትኬት ድረ ገጽ ግን በየቦታው ጌትና ሴት (ማንበቢያና መቀየሪያ ፈንክሽኖቹን) መጥራት፣ ከዚያም በቱጄኤስ ወደ ተራ ኦብጀክት መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

ሥራችሁ ጀልባዎችን በመነሻ ሰዓት መደርደር ብቻ ከሆነ ኢመርም አያስፈልግም፤ ቱሶርትድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን አሮጌውን ሳይነካ አዲስ አሬይ ይመልሳል። ከክሮም 110 በፊት ባለው ግን ስለሌለ፣ አሮጌ ስልክ ለያዘ ተሳፋሪ በስላይስ ኮፒ አድርጋችሁ ሶርት አድርጉ።