ሞተርን ቆርጦ ባለ ሦስት እግር ማስደረግ ወይስ የፋብሪካውን መግዛት?

ከደሴም ከኮምቦልቻም እየደወሉ ይህችን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ታሪካቸው አንድ ዓይነት ነው። ባለ ሁለት እግር ሞተር አላቸው። ዱቄት፣ ለስላሳ፣ አትክልት ያመላልሱበታል። ሥራው አድጎ ሞተሩ አልበቃ ብሏል። አንድ በያጅ ደግሞ «የኋላውን ቆርጬ ባለ ሦስት እግር ላድርግልህ» ብሏቸዋል። የጠራው ዋጋ ያጓጓል። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ልልክ ነው፤ ስልኬም ትረፍ።

መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ። ዕቃ ልትጭንበት ከሆነ አታስቆርጠው። ሞተርህን ሽጥና ያገለገለ የፋብሪካ ባለ ሦስት እግር፣ ማለትም ከመነሻው ለጭነት ተብሎ ሦስት እግር ሆኖ የተሠራውን፣ ግዛ። ብሩ ካልሞላልህ እስኪሞላ በያዝከው ሞተር ሥራ። መሃል ላይ ያለው መንገድ፣ ማስቆረጡ፣ ርካሽ ይመስላል እንጂ ርካሽ አይደለም።

የእህቴ ባል አምና መሃለኛውን መንገድ ሄደበት። ሒሳቡን አብረን ስንጽፍ ስለነበር ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን እንዳሉ አትውሰዳቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸውን ልዩነት እይ።

በያጁ መጀመሪያ የጠራው 110 ሺህ ብር ነበር። ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚይዘው ያገለገለ አክስል ከነዲፈረንሻሉ (ምንነቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ) 42 ሺህ፣ አንግል ብረትና ላሜራ 18 ሺህ፣ ሁለት ጎማ ከነቸርኬው 15 ሺህ፣ የእጅ 35 ሺህ። ተለምኖ ተለምኖ 5 ሺህ ቀነሰ። በ105 ሺህ ተስማሙ።

ከዚያ ጣጣው ጀመረ። ለፍሬን 21 ሺህ ወጣ። ጭነቱን ለሚሸከሙት የብረት ንጣፎች፣ ለባሌስትራው፣ 12 ሺህ። የፊት ጎማው ሽቦዎች እየተበጠሱ አስቸገሩ፤ እነሱና መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲቀየሩ 9 ሺህ። ሰንሰለትና ጥርስ 8 ሺህ። የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ 7 ሺህ። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ሸራ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ 6 ሺህ። ድምሩ 63 ሺህ ነው። ከመነሻው ጋር 168 ሺህ። ሞተሩ ሳይቆረጥ በፊት 190 ሺህ የሚያወጣ ነበር። ስለዚህ ሰውየው 358 ሺህ ብር ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። ሥራውን በጀመረበት ሰሞን ያገለገለ የፋብሪካ ባለ ሦስት እግር በ350 ሺህ ተጠርቶ በ340 ሊለቀቅ ነበር። ጋራዥ ቆሞ የዋለበትን ጊዜ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

የሚያበሽቀው ደግሞ መሸጫው ነው። የተቆረጠውን ሞተር ልሽጥ ብሎ ቢያወጣው ከ200 ሺህ በላይ የጠራለት ሰው የለም። ገዢው ሊብሬውን፣ የባለቤትነት ደብተሩን፣ ከፍቶ ያያል። ሊብሬው ባለ ሁለት እግር ይላል፤ ፊቱ የቆመው ሦስት እግር አለው። እዚያው ላይ ወይ ትቶህ ይሄዳል፣ ወይ ዋጋህን ይሰብራል።

የሊብሬውን ነገር ሰው ሁሉ አቅልሎ ያየዋል። የተሽከርካሪን ዓይነት መቀየር የትራንስፖርት ቢሮ ፈቃድና ምርመራ ይፈልጋል። የመንጃ ፈቃዱም ምድብ የተለየ ነው፤ የሞተር መንጃ ፈቃድ ይዘህ ባለ ሦስት እግር ስትነዳ ትራፊክ ቢይዝህ መከራከሪያ የለህም። ከሁሉም የሚከፋው ኢንሹራንሱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው። ኩባንያው መድን የሸጠልህ ግን ሊብሬው ላይ ለተጻፈው ተሽከርካሪ ነው። አደጋ ደርሶ ሰው ከተጎዳ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያ ላይ ይነሳል። በያጁ ስለዚህ ምንም አይነግርህም። ብትጠይቀው «አብሽር፣ ማንም አይጠይቅህም» ይልሃል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ባለ ሁለት እግር ሞተር ኩርባ ላይ የሚዞረው ጋደም ብሎ ነው። ሻንሲው፣ የፊት ሹካው፣ የጎማው ሽቦ ሁሉ የተሠሩት ክብደቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድባቸው ነው። ባለ ሦስት እግር ሲሆን መጋደም ቀረ። ኩርባ ላይ ጭነቱ የፊት ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል። የፊት ሽቦዎች የሚበጠሱት፣ የመሪው ኩሽኔታም ቶሎ የሚላላው በዚህ ነው። በያጁ ኋላውን እንጂ ፊቱን አይነካም። የፋብሪካው ግን ከመነሻው ፊቱም ለዚሁ ታስቦ ወፍሮ የተሠራ ነው።

ዲፈረንሻሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ስትዞር የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን ለየብቻ የሚያሽከረክራቸው ዲፈረንሻል ነው። አንዳንዱ በያጅ ዋጋ ለመቀነስ ሁለቱን ጎማ በወጥ ብረት ያገናኛቸዋል። እንዲህ ያለው ጎማ ይበላል፤ መሪውን ስታዞረው እምቢ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የተበላሸ ዲፈረንሻል ገዝቶ ውስጡን በይዶ ይገጥመዋል። ከውጪ ስታየው ዲፈረንሻል ነው፤ ሥራው ግን የወጥ ብረት ነው።

ማወቂያው ቀላል ነው። ኋላውን በድንጋይ ወይም በክሪክ አንሳው። ሁለቱም ጎማ አየር ላይ ይሁን። ማርሽ አስገባና ሞተሩን ሳታስነሳ አንዱን ጎማ በእጅህ አሽከርክር። ሌላው ጎማ በተቃራኒው ከዞረ ደህና ነው። አልንቀሳቀስ ካለህ፣ ማርሹን ስታወጣ ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ከዞሩ፣ ተበይዷል። ከዚያ የዘይቱን ቡሎን ፍታና ትንሽ ዘይት በጣትህ ነክተህ ፀሐይ ላይ እየው። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ጥርሱ እየተፈጨ ነው። ሻጩ «ዘይቱ ስላልተቀየረ ነው» ካለህ ቦርሳህን ዝጋ። ይህንን ምርመራ የፋብሪካውን ስትገዛም አድርገው።

ፍሬን ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው የምለው ይገባዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ኩርባ ትወርደዋለህ። የሞተርህ የኋላ ፍሬን የተሠራው አንተንና አንድ ሰው ለማቆም ነው። በያጁ ይህንኑ የእግር ፍሬን በሽቦ ወይም በዘንግ ለሁለት ከፍሎ ወደ ሁለቱ ጎማ ይልከዋል። ሁለቱ እኩል ይዘው አያውቁም። የእህቴ ባልን ሞተር አቧራ መንገድ ላይ አስነድቼ ድንገት አስያዝኩት። የግራው ጎማ አፈሩን ፍቆ ረጅም መስመር አስምሯል፤ የቀኙ ምንም ምልክት የለውም። አፍንጫው ወደ ግራ ዞሯል። ባዶውን እንዲህ ከሆነ አምስት ኩንታል ጭኖ ሐረጎ ላይ ምን እንደሚሆን አስበው። 21 ሺህ ብሩ የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን አስገጠመ። ብዙው የፋብሪካ ባለ ሦስት እግር በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይዞ ይመጣል።

የእጅ ፍሬን ደግሞ አለ። ባለ ሁለት እግር ሞተር የለውም፤ በእግሩ ትደግፈዋለህ፣ ይቆማል። ተቆርጦ የተሠራው ግን አቀበት ላይ ስታቆመው ወደ ኋላ ይንከባለላል። ደሴ ላይ ደልዳላ ማቆሚያ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሁሉም ከወንበሩ ሥር ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ተቆርጠው የተሠሩት አብዛኞቹ የኋላ ማርሽም የላቸውም። ጠባብ ሰፈር ገብተህ ከጫንክ ወርደህ ወደ ኋላ እየገፋህ ነው የምትወጣው።

ጉልበቱስ? 150 ሲሲ ሞተር በወረቀት ላይ ያለውን ጉልበት እኛ ጋ አታገኘውም። በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። በቀረው ላይ የብረትና የጭነት ክብደት ስትጨምርበት አቀበቱን በፍሪሲዮን እያባበልክ ነው የምትወጣው። ሸራው ሁለት ጊዜ የተቃጠለው ለዚህ ነው። ሞተሩም በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ቀስ ብለህ ስትወጣ ነፋስ የለም። የፋብሪካው ማርሹ ለጭነት የተቀመረ ነው። ተለቅ ተለቅ ያሉት በውሃ ይቀዘቅዛሉ።

ቤንዚን ይበላል የምትሉኝ አላችሁ። አዎ፣ የፋብሪካው ከባለ ሁለት እግሩ የበለጠ ይበላል። በ2017 መስከረም ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በዚያው ዓመት ጥር ላይ 101 ብር ከ47 ገብቶ ስለነበር ነገሩ ቀላል አይደለም። ግን የተቆረጠውም ይበላል፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ስለሚውል። ልዩነቱን ያየሁት ሒሳብ ላይ ሳይሆን ወሬ ላይ ነው።

የፋብሪካውን ዝም ብዬ አላሞግስም። ላሜራው ስስ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዝገት ይጀምረዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦው የልጅ ሥራ ይመስላል። ትልቁ ችግሩ መለዋወጫ ነው። ከቻይና የሚመጡት ስማቸው በየጊዜው ይቀያየራል። ዕቃው አንድ ሆኖ የተለጠፈበት ስም ይለያያል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው የሚለያይም አለ። ስለዚህ መለዋወጫ ስትገዛ በስም አትጠይቅ። አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድና አስለካ።

ኩሽኔታ ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ታትሞ ውስጡ ሌላ ነው። ጽሑፉን በጥፍርህ ፋቀው፤ ቀለም ከሆነ ይለቃል፤ የደህናው ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው። በጣትህ አሽከርክረውና ጆሮህ ሥር አድርገው፤ ከተንኳኳ መልስለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሽቅብ ነው፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ፌኩ ይበዛል። ግማሽ ዋጋ ከተጠራልህ ደስ አይበልህ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውስ ለሚለኝ፣ ሜዳ ከተማ ላይ ብሆን አስብበት ነበር። ደሴ ላይ ጭኖ አቀበት መውጣት ባትሪ ይጨርሳል፤ ባትሪው ሲደክም የሚጠራው ዋጋ ያስደነግጣል። ሰው የሚጭን ባጃጅ ልግዛ ያለኝም አለ። የማኅበርና የስምሪት ጉዳይ ስላለው እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ቆርጦ ማስደረግን የምደግፍበት አንድ ቦታ አለ። እግሩ የተጎዳ ወይም ሚዛን መጠበቅ የከበደው ሰው፣ ጭነት ሳይጭን ራሱን ብቻ ለማጓጓዝ ከፈለገ ትርጉም አለው። ለእሱ የ105 ሺህ ብሩ ሒሳብ ሌላ ነው። ቢሆንም ዲፈረንሻል ይኑረው፣ ፍሬኑ በዘይት ይሁን፣ ብረቱ ሳይቆረጥ በፊት ወረቀቱ ይለቅ።

ከሁለት ወደ ሦስት እግር ለሚዞር ሰው፣ የትኛውንም ቢገዛ፣ ልማድ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ሞተረኛ ሲቆም እግሩን መሬት ያወርዳል። ባለ ሦስት እግር ላይ ይህን ካደረግህ የኋላው ጎማ እግርህ ላይ ይወጣል። እግርህን መርገጫው ላይ ተወው፤ አይወድቅም። ኩርባ ላይ ደግሞ ሰውነትህን በማጋደል አይዞርም፤ በመሪው አዙረው። ከኩርባው በፊት ፍጥነትህን ጨርስ። ኩርባው ውስጥ ገብተህ ፍሬን ከያዝክ በፊት ጎማው በኩል ተንጋዶ ይገለበጣል። ጭነቱን ዝቅ አድርገህ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች አካባቢ አስቀምጥ፤ ወደ ኋላ ከበዛ አቀበት ላይ ፊቱ ይነሳል፣ መሪህም አየር ይጨብጣል።

ያገለገለውን የፋብሪካ ስትገዛ መጀመሪያ ሊብሬውን ተቀበልና የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ጠርገህ አመሳክር። ሻንሲው ከጭነት አልጋው ሥር ተበይዶ እንደሆነ ተንበርክከህ እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው አልጋው ከሹፌሩ ወንበር ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ፤ ሻጩ አስነስቶ ከጠበቀህ በሌላ ቀን ተመለስ። ጭነህ ሞክረው እንጂ ባዶውን አትሞክር፤ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ለጥቂት ደቂቃ የሚያውስህ ነጋዴ አታጣም። ከደላላው ጋር የምትነጋገረውን ኮሚሽን ዋጋ ሳትቆርጥ በፊት ጨርሰው፤ ያለዚያ ከሻጩ ያስቀነስከውን 10 ሺህ እሱ ይወስደዋል።