የ12ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች፦ «ማለፍ በዋስትና» የሚላችሁን ማስጠኛ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የገባ ልጅ ላላችሁ፣ በተለይ በወረዳ ከተማ ለምትኖሩ ነው። አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ባለባቸው ትንንሽ ከተሞች «እዚያ ልጃችሁን ማን ያስተምርላችኋል? እኛ እናሳልፍላችኋለን» እያሉ ብር የሚሰበስቡ ማስጠኛዎች አሉ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከፍላ የተማረችበትን አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። ስሙን አልጠራም። ነገ በሌላ ስም ስለሚከፍቱ ስሙን ማወቁ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ አሠራሩን እወቁት።

«ልዩ ፓኬጅ» ነው የሚሉት። ለዓመቱ 18 ሺህ ብር፣ ግማሹ በምዝገባ ቀን፣ ቀሪው እስከ ገና። በዚህ ብር ከአዲስ አበባ የሚመጡ መምህራን፣ በክፍል ከ20 የማይበልጥ ተማሪ፣ የራሳቸው ሞጁል፣ ለኦንላይን ፈተና የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ልምምድ። ልጅቷ ካላለፈች ደግሞ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ተባለ። እህቴን ያሳመናት ይሄ የመጨረሻው ነው። «ምን አጣለሁ?» አለች። ማን አይልም?

ከአዲስ አበባ ይመጣሉ የተባሉት መምህራን ጥቅምት ላይ ብቅ ብለው ጠፉ። በእነሱ ቦታ ፊዚክስ ሊያስተምር የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምራት የራሷ መምህር! ልጅቷ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳቋ አመለጣት። እሱም ትንሽ አፈር ብሎ «በሉ፣ ጠዋት ካቆምንበት እንቀጥል» አላቸው። በመምህሩ አልፈርድም። የመምህር ደሞዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰዓት ሠርቶ ቢጨምር ነውር የለውም። ነውሩ «የእነዚያ መምህራን አይረቡም» ብሎ ብር ተቀብሎ መልሶ እነዚያኑ መምህራን መሸጥ ነው።

ሞጁሉን እኔ ራሴ አገላብጬዋለሁ። ሽፋኑ በከለር የታተመ፣ በስፓይራል የተጠረዘ፣ ሲያዩት ያምራል። የኬሚስትሪው ግማሽ የተማሪው መማሪያ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነው። ከገጹ ግርጌ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ የመጽሐፉ፣ አንዱ የሞጁሉ። ያንን መጽሐፍ ማንም ሰው በስልኩ በነፃ ያወርደዋል። የቀረው ከቴሌግራም የተለቀመ የድሮ ጥያቄ ነው፤ የቻናሉ ስም በግራጫ ቀለም ገጹን አቋርጦ እንዳለ ነው፣ ማጥፋት እንኳ ሰንፈዋል። አንዱ ጥያቄ ላይ ምርጫዎቹ ኤ፣ ቢ እና ዲ ናቸው። ሲ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ተቆርጣ ቀርታለች። ከኋላ የመልስ ገጹን ሳይ የዚያ ጥያቄ መልስ ሲ ነው።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። አራት ነበሩ፣ አንዱ ይሠራ ነበር።

አሁን ጥያቄው ሰው ለምን ይከፍላል ነው። የሚከፍለው ሞጁሉን አይቶ አይደለም። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቱ የሚወራውን ሰምቶ ነው። ማስጠኛው የሚሸጠውም ያንን ወሬ ነው።

በእኛ ከተማ ስለ ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ፤ የወላጅ እና የተማሪ። ሁለቱ ስለ አንድ ግቢ የሚያወሩ አይመስሉም። ጀበና ቡና ላይ ወላጅ ሲያወራ ብትሰሙ፣ «እዚያ ገብቶ ማን አለፈ?»፣ «መምህር ክፍል አይገባም»፣ «ልጆቹ አጥር ዘለው ፑል ቤት ነው የሚውሉት»፣ «ድሮ ነበር እንጂ ትምህርት»። ይህን ከሚሉት አብዛኞቹ ግቢውን የረገጡት ልጅ ሊያስመዘግቡ የሄዱ ቀን ነው። የወላጅና መምህራን ህብረት ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሰው አንድ ክፍል አይሞላም።

ተማሪዎቹን ስትጠይቁ ግን ወሬው ዝርዝር ይሆናል። የእህቴን ልጅና ጓደኞቿን ቁጭ አድርጌ ጠይቄያቸዋለሁ። የሒሳብ መምህሯ አንደኛ ናት፣ ያልገባው ተማሪ ካለ በእረፍት ሰዓት ሳይቀር ታስረዳለች። የባዮሎጂ መጽሐፍ አንዱን ለሦስት ነው የሚያነቡት። ላብራቶሪው አለ፣ ግን ዕቃው ከቁም ሣጥን አይወጣም። ክፍሉ ከ70 በላይ ተማሪ ስለሚይዝ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሰሌዳው አይታየውም። የእንግሊዝኛው መምህር በአማርኛ ነው የሚያስተምረው። ላይብረሪው እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው፣ ወንበርም አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ የሚመጡት ግን ጥቂት ቀለሜዎች ብቻ ናቸው። ሌላው የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ ተያይተው ሳቁ። ማስጠኛ ነዋ!

ልብ በሉ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። 70 ልጅ ያጨቀ ክፍል ጥሩ አይሆንም። በየክፍሉ ተሰቅለው ትምህርት በሳተላይት ያስተላልፉ የነበሩትን የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያ ሁሉ ብር ወጥቶባቸው መጨረሻቸው ምን እንደሆነ አይተናል። ግን ተማሪው የሚነግራችሁ ቅሬታ መፍትሔ የሚፈለግለት ቅሬታ ነው፤ የመምህር ስም አለው፣ ሰዓት አለው፣ የትምህርት ዓይነት አለው። የወላጁ «አይረባም» ግን ለነጋዴ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

«ድሮ ያሳልፍ ነበር፣ አሁን ወደቀ» የሚለውን ደግሞ በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ማስጠኛዎቹ በጣም የሚወዱት ይህንን ነው። ድሮ ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ተማሪው በሚያውቀው አካባቢ ነበር። ኩረጃው ምን ይመስል እንደነበር የተፈተናችሁ ታውቃላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደርሷል። የ2014 ተፈታኞች ግን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የተፈተኑት። ውጤቱ ሲመጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ ሀገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። በ2016 ከ674 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ግማሹን ያለፈው 36,409 ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,363 ነበሩ። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ልጅ በ2011 ያመጣውን ውጤት ከዘንድሮው ጋር አስተያይታችሁ «ትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞተ» ብትሉ ልክ አይመጣም። ድክመቱ ድሮም ነበረ፤ ኩረጃው ሸፍኖት ነው።

ይህን ቁጥር ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ምናምኑ በሚወድቅበት ፈተና «በዋስትና አሳልፋለሁ» የሚል ሰው ወይ ተአምር ይሠራል ወይ የሚቆጥርበት መንገድ ሌላ ነው።

የሚቆጥሩበትን ልንገራችሁ። ባነሩ ላይ የተማሪዎች ፎቶ ተደርድሮ «100% አሳልፈናል» ይላል። የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን ስታይ ሁለቱን አወቀቻቸው። አንዱ ማስጠኛው ጋ የመጣው ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፣ አራቱን ዓመት የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ነው፣ የተፈተነውም በትምህርት ቤቱ ስም። ሁለተኛዋ ግማሽ አላመጣችም። ሪሚዲያል ነው የገባችው። ሪሚዲያል ማለት ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ውስጥ በመቁረጫ ነጥብ ተመርጠው ለተወሰኑ ወራት ተምረው እንደገና የሚፈተኑበት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ አለ። ጥሩ ዕድል ነው፣ አልንቀውም። ግን ባነሩ ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ «ዩኒቨርሲቲ የገቡ» ተብላ ተለጥፋለች።

ይህ ቀልድ የሚመስላችሁ ከሆነ ገንዘብ ሊያስመልሱ ሲሄዱ የሚመጣውን ስሙ። የእህቴ ልጅም ውጤቷ ሪሚዲያል ሆነ። እህቴ ውሏን ይዛ ሄደች። ባለቤቱ በጨዋ ደንብ አስቀመጣት፣ ለስላሳ አዘዘላት፣ ከዚያ «እናቴ፣ ልጅሽ እኮ አልፋለች! ሪሚዲያል ማለፍ ነው፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» አላት። ውሉ ላይ «ካላለፈች» ነው የሚለው፤ ማለፍ ስንት እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ከጀርባው ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ከሞዴል ፈተናዎች አንዱን የቀረ ተማሪ ተመላሽ አይመለከተውም» ይላል። አንዱን ሞዴል ቀኑን ለውጠው የነገሩት በዋዜማው ማታ በቴሌግራም ነበር። ስልክ የሌለው ልጅ ያችን ቀን ቀረ፣ ዋስትናውም አብሮ ሄደ።

ደረሰኙም ሌላ ጉድ ነው። ክብ ማኅተም ያለበት የእጅ ጽሑፍ ወረቀት፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ብሩ የተላከው በቴሌብር ወደ አንድ ግለሰብ ስልክ ነው። ንግድ ጽህፈት ቤት ሄደን ፈቃዱን ስናስጠይቅ ፈቃድ አለው፣ የጽህፈት መሣሪያ ሽያጭና ፎቶ ኮፒ! በፎቶ ኮፒ በኩል እንኳ ሥራውን ሠርቷል። የወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ድርጅት አናውቅም አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ሸማችም ደረሰኝ የማግኘት መብት አለው። ግን ያ መብት የሚሠራው በእጃችሁ የሚረባ ወረቀት ሲኖር ነው።

ከብሩም የባሰ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ካላነሳሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም። ከገና በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስበው «ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት ጊዜያችሁን እያባከናችሁ ነው፣ ሙሉ ቀን እኛ ጋ ኑ» አሏቸው። ብዙዎቹ ሄዱ። መደበኛ ተማሪ ለፈተና የሚመዘገበው በሚማርበት ትምህርት ቤት በኩል ነው። ትራንስክሪፕት የሚሰጠውም እሱ ነው። ማስጠኛው ትምህርት ቤት አይደለም፤ የሚሰጣችሁ ወረቀት የለም። እየፎረፉ ቆይተው በኋላ የክፍል ውጤት የጎደለባቸው ልጆች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ከወላጅ ጋር ቆመው ሲለምኑ ከርመዋል። የእህቴ ልጅ አልፎረፈችም፤ ያዳናት የሒሳብ መምህሯ ናት፣ «ከክፍሌ የቀረ ሰው ወላጁን ይዞ ነው የሚመጣው» ብላ ስላስፈራራቻቸው።

ማስጠኛ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሥራ ያላገኘ ልጅ ቤቱ ሰባት ስምንት ተማሪ ሰብስቦ ሒሳብና ፊዚክስ በወር ክፍያ ያስጠናል። ዋስትና አይሰጥም፣ ባነር የለውም፣ ካልወደዳችሁት በወሩ መጨረሻ ታቆማላችሁ። እንዲህ ያለው ይሻላል። ትልቁ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ግን አሳለፍን ያሉት ከስንት ተፈታኝ እንደሆነና ስንቱ ሪሚዲያል እንደሆነ ጠይቁ። ባነሩ ላይ ያልተለጠፈ ያለፈው ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ አነጋግሩ፣ በትንሽ ከተማ ማግኘቱ አይከብድም። ማን እንደሚያስተምር በስም ይንገሯችሁ። ተመላሽ ካሉ «ከ50 በመቶ በታች ካመጣ» ብለው በውሉ ይጻፉ፤ እንቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ። የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ አትስጡ። ፈቃዳቸው ላይ ምን እንደተጻፈ ዓይናችሁ ይየው።

ልጆቻችሁንም ጠይቋቸው። «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ትናንት ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ማን ገባ? ምን ተማራችሁ?» በሏቸው። መምህሩ ያልገባ እንደሆነ ለርዕሰ መምህሩ ሄዳችሁ የምትናገሩት በእጃችሁ ይኖራል። የቅዳሜው ማጠናከሪያም በነፃ ነው።

የእህቴ አቤቱታ አሁን ንግድ ጽህፈት ቤት ነው። እስካሁን «ነገ ተመለሱ» ነው መልሱ። እንዲህ ዓይነት ውልና የእጅ ደረሰኝ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ የቴሌብር መልእክቱንም አታጥፉ። በየወረዳችሁ አብራችሁ የከፈላችሁ ወላጆች ካላችሁ አንድ ማመልከቻ ላይ ፈርማችሁ ግቡ። አንድ ሰው ሲሄድ ማንም አይሰማውም፣ እኛም ያስተዋልነው ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ሲጨመሩ ነው፤ ያኔ ነው የጽህፈት ቤቱ ኃላፊ ወንበር ያቀረበልን።