ለእናትና ለአባት የቆዳ እጥፋት ሽፍታ ጅማ ላይ ከሚገዙት ቅባቶች የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

ጡት ስር፣ ብብት፣ ብሽሽት ወይም የሆድ እጥፋት ውስጥ ወጥቶ አልለቅ ላለ ሽፍታ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉት መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ብዙ ነገር አለ። «ቶሎ የሚያድነውን ስጡኝ» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞልና ጀንታማይሲን በአንድ ቲዩብ የተቀላቀሉበት ክሬም ነው። ፍርዳችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ ለአዛውንት የቆዳ እጥፋት እሱን አትግዙ። ተራው ባለ 1 ፐርሰንት ክሎትሪማዞል ክሬም፣ አንድ ሜትር አቡጀዲ፣ በዚያ ላይ ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበልጡታል።

ምክንያቱን ለመረዳት እጥፋቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት ይበቃል። ሁለት ቆዳ ተጋጥሞ ሲውል ላብ መውጫ ያጣል፤ ቆዳው ይረጥባል፣ ይፋተጋል፣ ይላላጣል። በተላላጠው ላይ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ይራባል። አዛውንት ቆዳቸው ስስ ነው፣ ክንዳቸውን ከፍ ማድረግ ወይም ጎንበስ ብለው መታጠብ ይቸግራቸዋል፣ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ይውላሉ። ጅማ ደግሞ ከበልግ እስከ ክረምት ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ገመድ ላይ የዋለ የውስጥ ልብስ ደረቀ ተብሎ ሲለበስ ስፌቱ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ፈንገሱን ብቻ ገድሎ እርጥበቱን የተወ ሕክምና ሁሉ ሽፍታውን መልሶ ያመጣዋል።

ሦስቱን የቀላቀለው ክሬም የሚያሳስተው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ስለሚመስል ነው። ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ በመሆኑ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ ቅላቱ ይደበዝዛል፣ ቤተሰቡም ዳኑ ብሎ ያቆመዋል። ስቴሮይዱ ግን የቆዳውን መከላከያ አስተኝቶ ነበር የቆየው፤ ክሬሙ ሲቆም ፈንገሱ ሰፍቶ ይመለሳል። ጭርት ከነበረ ደግሞ የቀለበት ቅርጹ ስለሚጠፋ በኋላ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። እጥፋት ውስጥ የተቀባ መድኃኒት በፋሻ እንደተሸፈነ ያህል ስለሚሠርግ ጉዳቱ እዚያ ይበረታል፦ ቆዳው እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ሰንበር የመሰለ የማይጠፋ መስመር ያወጣል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ይቀደዳል። ጀንታማይሲኑ የሚጠቅመው ባክቴሪያ ካለ ብቻ ነው። ካርቶኑን አዙራችሁ ቤታሜታዞን፣ ቤክሎሜታዞን፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ መልሱት። ባለ 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን ከእነዚህ ይለያል፤ ደካማ ስለሆነ ማቃጠሉና ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ ከክሎትሪማዞሉ ጋር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሊቀባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ይቁም።

ወደ ክሎትሪማዞሉ እንምጣ። ካንዲዳንም ጭርትንም ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል። ስትገዙ «ቅባት» ብቻ አትበሉ። በእኛ አነጋገር ክሬሙም ወፍራሙ ኦይንትመንትም ቅባት ነው፤ ለእጥፋት የሚሆነው ክሬሙ ብቻ ነው። ኦይንትመንት ቅባታማ ስለሆነ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ መስመር ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይሸፍናል። ለሁለቱም ጡት ስር አንድ መስመር፣ ለብሽሽት አንድ መስመር ብንል በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ በቀን 2 ግራም ይሆናል። ባለ 20 ግራም ቲዩብ እንግዲህ 10 ቀን ነው የሚያደርሰው። ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድና ሽፍታው ከጠፋ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መቀባት ስላለበት ሁለት ወይም ሦስት ቲዩብ ያስፈልጋል። አንዱ ሲያልቅ «አልሠራም» ብሎ ወደ ጠንካራው መዞር ትልቁ ስህተት ነው። ስትቀቡ ከሽፍታው ዳር 2 ሴንቲሜትር አልፉ፤ ካንዲዳ ከዋናው ቁስል ወጣ ብለው የተበተኑ ትንንሽ ብጉሮች አሉት፣ እነሱ ከተዘለሉ ከዚያው ይነሳል። ነጭ ሆኖ የሚታይ ክሬም ከቀረ በዝቷል፤ ትርፉ ራሱ እጥፋቱን ያረጥባል።

ባለ 2 ፐርሰንት ሚኮናዞልና ኬቶኮናዞልም እኩል ይሠራሉ። ኒስታቲን ለካንዲዳ ጥሩ ነው፣ ጭርትን ግን አይነካም። ተርቢናፊን ደግሞ በተቃራኒው ለጭርት ጎበዝ፣ ለካንዲዳ ደካማ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አዛውንት ሚኮናዞል ቆዳ ላይ ሲቀቡ እንኳ መድማት ሊበረታባቸው ስለሚችል ለእነሱ ክሎትሪማዞል ይመረጥ።

አሁን ቅባቱ ከመነካቱ በፊት ያለው ሥራ፤ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳሙና ካስፈለገ ለገላ የሚሆን ለዘብ ያለና በጣም ትንሽ። የልብስ ሳሙናና ዴቶል የተላላጠ ቆዳ ያቃጥላሉ። ታጥቦ ሲያበቃ ደረቅ ፎጣ ጫን እያደረጉ ውሃውን ማስመጠጥ እንጂ ማሸት የለም። ከዚያ አየር። ክንዳቸውን አንስተው መቆየት ስለማይችሉ አጠገባቸው ተቀመጡና «እማዬ፣ ክንድሽን ትከሻዬ ላይ ጣይው» በሏቸው፤ ብብቱ ይከፈታል፣ ጡትም አብሮ ከፍ ይላል፣ እሳቸውም አይደክሙም። በጀርባቸው ተኝተው ክንዳቸው ከጭንቅላታቸው አጠገብ ትራስ ላይ ቢያርፍም ይሆናል። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛው አየር ብቻ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ። ብዙ እናቶች ለወንድ ልጃቸው ማሳየት አፍረው ሽታው እስኪመጣ ይደብቁታል። ሴት ልጅ ወይም ሴት ዘመድ ካለች እሷ ትያዘው፤ ከሌለች ደግሞ ነጠላ ከላይ ደርበው የሚታከመውን ቦታ ብቻ መግለጥ ይቻላል።

አቡጀዲው ከሁሉም ዕቃ በላይ ዋጋውን የሚያወጣ ነው። አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለው ውሃ አይመጥም፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አንዴ ሁለቴ ይታጠብ። 15 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቅደዱት፤ ርዝመቱ የእጥፋቱን ያህል ሆኖ በሁለቱም ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ትርፍ ይኑረው። አንድ ድርብ ብቻ፣ ሳይጨማደድ፣ ቅባቱ ከሠረገ በኋላ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ይነጠፋል፤ ትርፉ ጫፍ ውጭ ይቀራል። ሚስጥሩ ጫፉ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ስቦ እንደሚያወጣው ጨርቁም ላቡን ስቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ እዚያ ይተናል። ጫፉ ውስጥ ከቀረ ግን እርጥብ ጨርቅ ታቅፎ መዋል ነው። ሶፍት አትጠቀሙ፤ በላብ ይበጣጠስና ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። የተደራረበ ጎዝም እርጥበት ያቁራል። በጣት ሲዳሰስ ከቀዘቀዘ ረጥቧልና ይቀየር፤ በቀን ሦስት አራት ቁራጭ ያልቃል። የወጣው ይቀቀል፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ በሁለቱም ፊት በካውያ ይተኮስ። የውስጥ ልብሱም እንዲሁ። ፍራሽ ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ ላብ ያፈልቃልና በላዩ ወፍራም የጥጥ አንሶላ ይደረብ።

ሽፍታው ውሃ የሚያዥ ከሆነ ከክሬሙ በፊት ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ጠቃሚ ነው። ባለ 400 ሚሊግራም አንድ ፍሬ በ4 ሊትር ውሃ፤ ቀለሙ ፈዛዛ ሮዝ መሆን አለበት። ከጠቆረ በዝቷል፣ ያቃጥላል። ያልሟሟ ቅንጣት ቆዳ ላይ ካረፈ ይቆስላል፤ ስለዚህ ፍሬው እስኪያልቅ ድረስ ይማሰል። ጨርቅ ነክራችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታስቀምጣላችሁ፤ ማዠቱ ሲቆም እናንተም ታቆማላችሁ። ሳፋውንና ጥፍርን ቡናማ ያደርጋል። ፍሬው እንደ ኪኒን ስለሚመስል የማስታወስ ችግር ካለባቸው አዛውንት ይራቅ፤ ከተዋጠ አደገኛ ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ ሽንትና ሰገራ ለሚያመልጣቸው፣ ዳይፐር ለሚያደርጉ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ፈንገስ ግን አይገድልም። ክሎትሪማዞሉ ከሠረገ ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ በስሱ ከላይ ይቀባል። ቀድሞ ከተቀባ ግድግዳ ሆኖ መድኃኒቱን ያግደዋል። ሲያወልቁት እየፈተጉ ሳይሆን ዘይት በነካ ጥጥ ነው፤ የቀረውን መተው ይሻላል።

የሕፃናት ፓውደር አይመከርም። ከላብ ጋር ሲገናኝ እንደ ሊጥ ይጓጉልና ራሱ ይፈትጋል፤ ሲበን ደግሞ አስም ላለባቸው መጥፎ ነው። ክሎትሪማዞል ያለው ፓውደር ከዳኑ በኋላ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ፣ በስሱ ለመከላከያ ይሆናል። ጂቪ የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ካንዲዳን ይገድላል፤ ነገር ግን የተላላጠ ቆዳ ያስቆጣል፣ ቀለሙም ሽፍታው መዳን አለመዳኑን ይሸፍናል። ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት ጨርሶ አይሆንም፦ 6 ፐርሰንት ቤንዞይክ አሲድና 3 ፐርሰንት ሳሊሲሊክ አሲድ ለእግር መዳፍ ወፍራም ቆዳ ነው እንጂ ለብሽሽት አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም እንዲሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር እንደ እሳት የሚያቃጥል ቁስል ያወጣል።

በሁለት ሳምንት ትክክለኛ አቀባብ ለውጥ ከሌለ ሌላ ቲዩብ ከመግዛት ይልቅ መመርመር ይሻላል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ደረቅ፣ ቡናማ፣ ብዙ የማያሳክክ ከሆነ ኤሪትራዝማ የሚባል የባክቴሪያ ሽፍታ ሊሆን ይችላል፤ «ዉድ» በሚባለው የሐኪም መመርመሪያ መብራት ሲታይ ሮዝማ ቀይ ሆኖ ያበራል፣ መድኃኒቱም አንቲባዮቲክ ነው። ዳሩ በግልጽ የተቆረጠ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቅርፊት የሌለው ከሆነ ሶራያሲስ የሚባለው፣ ፈንገስ ያልሆነ የቆዳ በሽታ ይጠረጠራል። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ ሙቀትና እብጠት፣ መግል ወይም ከባድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

እየተመላለሰ ላስቸገረ ሽፍታ የስኳር ምርመራ ሳይደረግ መቅረት የለበትም። በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚም ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው፤ እሱ ካልተያዘ የትኛውም ክሬም አይዘልቅም። ፍሉኮናዞል ኪኒን ካለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ስኳራቸውን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ፣ ዋርፋሪን የሚወስዱ ላይ ደግሞ ሊያደማ ይችላል። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

የሕክምና መጻሕፍት «ቀይ» የሚሉት በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ በስልክ መብራት ስታዩ ቀለሙን ብቻ አትመኑ፤ እርጥበቱን፣ መላላጡን፣ በዳሩ የተበተኑትን ብጉሮች ተመልከቱ። ሽፍታው ድኖ፣ ቆዳው ደርቆና ለስልሶ ጥቁረት ብቻ ቢቀር በሽታ አይደለም። በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለእሱ ብላችሁ የሚያነጣ ክሬም አትቀቡ፤ ብዙዎቹ ያንኑ ጠንካራ ስቴሮይድ የያዙ ናቸው።